የማራቶኑ ሰዓት ከማን ይወሰዳል?

ስለ ማራቶን በተነሣ ጊዜ የአገራችን ሰው አሳብ ወዲያውኑ ወደ ሮም ይሄዳል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባበትን ታሪክ ከአባቱ ወይም ከአስተማሪው ያልሰማ ልጅ የለም ለማለት ይቻላል። ከዚያም ወዲህ የተነሡት ጀግኖቻችን ስማቸው የበዛ ስለሆነ፥ ማራቶን የጀግኖች ሥራ ነው፤ ለተራው ሰው ግን የሚታይ እንጂ የሚሞከር አይደለም የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ልብ ተተክሎ ቀርቷል።

ዳሩ ግን ገና ጎሕ ሲቀድ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ወይም በጃን ሜዳ ብቅ ያለ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ላባቸውን እየጠረጉ የሚሮጡት ሁሉ የብሔራዊ ቡድን ቱታ የለበሱ አይደሉም። ከመካከላቸው የባንክ ገንዘብ ከፋይ፥ አስተማሪ፥ ነርስ፥ ሾፌርና ባለሱቅ ይገኛሉ። ጥቂት ቆይተው ታጥበውና ልብሳቸውን ለውጠው በየሥራቸው ለመገኘት የሚቸኩሉ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ብዙውን ሰው 10 ኪሎ ሜትር አስለምዶታል፤ አሥሩን የለመደ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ስለ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ማሰቡ አይቀርም።

ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። ለመሆኑ ደመወዝተኛ፥ ባለትዳርና የልጆች ወላጅ የሆነ ሰው ለማራቶን የሚያስፈልገውን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ጥያቄውን ይበልጥ በግልጥ ለማቅረብ፥ ሰዓቱን ከማን ይወስደዋል?

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 10 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሮጥ ሰው ለማራቶን ለመዘጋጀት 16 ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል እንበል። ከእነዚህም ሳምንቶች አንዱን መካከለኛ ሳምንት ብንወስድ፥ ማክሰኞ 8፥ ረቡዕ 10፥ ዓርብ 6፥ ቅዳሜ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር፥ በድምሩ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ለዚህ የሚያጠፋው 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ይህን ያህል ከሆነማ ምን ችግር አለ ያሰኛል። ነገር ግን ልብስ መቀየሩ፥ ሰውነትን ማፍታታቱ፥ መታጠቡ፥ እስከ መሮጫው ቦታ ሄዶ መመለሱ በየጊዜው 45 ደቂቃ ቢወስድ ሌላ 3 ሰዓት ይጨመራል። የደከመ ሰውነት ደግሞ በየሌሊቱ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ቢጠይቅ፥ እርሱም በሳምንት 3 ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ ስድስት ሰዓት የማይሞላው ሩጫ ሳይታወቅ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ሆነ ማለት ነው።

ሳምንት በጠቅላላው 168 ሰዓት አለው። ከዚህ ላይ ለእንቅልፍ 49፥ ለሥራና ለምሳ 45፥ ለመመላለሻ 10 ሰዓት ቢቀነስ 64 ሰዓት ይተርፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከ64 ላይ 12 መውሰድ ቀላል ነው። ሆኖም እነዚያ 64 ሰዓቶች ባለቤት የሌላቸው አይደሉም። ከእነርሱ ላይ የልጁ የቤት ሥራ አለ፤ የገበያው፥ የልብስ አጠባው፥ የታመመ ዘመድ ጥየቃው፥ የዕድሩ ስብሰባ፥ ልቅሶው፥ ሠርጉ አለ። ከዚህ ውስጥ ሰዓት የሚወስድ ሰው ሁልጊዜ የሚወስደው ከአንድ ሰው እጅ ነው።

ብዙ ጀማሪ ይህን ስለሚፈራ ማንንም ሳይነካ ሰዓቱን ከእንቅልፉ ላይ ይቆርጣል። በሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣል፤ ማታ ግን እንደ ወትሮው በ5 ሰዓት ይተኛል። ለሁለት ሳምንት ያህል ጀግንነት ይመስለዋል። በሦስተኛው ሳምንት በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ማንጎላጀት፥ በአምስተኛው ደግሞ ቅልጥሙን ወይም የተረከዙን ጅማት ማሸት ይጀምራል። ምክንያቱም ሩጫ ሰውነትን የሚያደክም እንጂ በራሱ የሚያጠነክር አይደለም፤ የሚያጠነክረው ከሩጫው በኋላ ያለው ዕረፍት ነው። የተሰነጣጠቀው ጡንቻ የሚጠገነው ተኝተን ሳለን ነው። ከዚህም ሌላ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ሲለመዱ፥ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጀማሪው ትንፋሹ የሚፈቅድለትን እግሩ ገና አይፈቅድለትም።

የታላላቆቹን ሯጮች የልምምድ ፕሮግራም ገልብጦ መከተል የሚያስከትለው ጉዳትም ከዚሁ የመነጨ ነው። እነርሱ ማለዳ ከሮጡ በኋላ ቁርሳቸውን በልተው ይተኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ልምምድ ያደርጋሉ፤ ማታም በጊዜ ይተኛሉ። ሩጫው ሥራቸው ነው፤ ዕረፍቱም እንዲሁ የሥራቸው ክፍል ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ሩጫውን ሲገለብጥ ዕረፍቱን ሊገለብጠው አይችልም። ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ያገኘው እንደ ሆነ አለቃው የሚለውን እናውቃለን።

ይሁንና ሥራ እየሠሩ ታላቅ የሆኑ ሯጮች በዓለም ላይ አልጠፉም። አሜሪካዊው ክላረንስ ዴማር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1911 እስከ 1930 ባለው ጊዜ የቦስተንን ማራቶን ሰባት ጊዜ ሲያሸንፍ፥ ሥራው በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የሙያ ዘመዳችን በመሆኑ ይህን ስንጽፍ ጥቂት ኩራት ቢሰማን አይፈረድብንም። ዴማር ለልምምድ ሌላ ሰዓት አልፈለገም፤ ደረቅ ሸሚዙን ይዞ ከቤቱ ወደ ማተሚያ ቤቱ እየሮጠ ይሄድ ነበር፤ እየሮጠም ይመለስ ነበር። ጃፓናዊው ዩኪ ካዋኡቺም በ2018 በዚያው በቦስተን፥ በብርቱ ዝናብና ብርድ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ፥ በሳይታማ ክፍለ ሀገር የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ሩጫን ብቻ ሥራው ያደረገው በተከታዩ ዓመት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተራው ሯጭ የሚጠቅመው ግን የኒው ዚላንዱ አርተር ሊዲያርድ ታሪክ ይመስለናል። ሊዲያርድ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን ወተት በማደልም ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ጥቂት ሮጦ ትንፋሹ ስለ ከዳው፥ ሰውነት ሳይሰበር ምን ያህል ሊሮጥ እንደሚችል በራሱ ላይ እየሞከረ ለዓመታት መረመረ። ያገኘውም ነገር ዋናው መሠረት ፍጥነት ሳይሆን ረጅምና ዝግ ያለ ሩጫ መሆኑን ነው። በሮም ከአበበ ቢቂላና ከሞሮኮው ራዲ ቀጥሎ ሦስተኛ የወጣው ባሪ ማጊ የእርሱ ደቀ መዝሙር ነበር። ሊዲያርድ በዚህ አልቆመም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦክላንድ ከተማ ዕድሜያቸው የገፋ፥ የልብ ሕመም እንኳ የነበረባቸውን ሰዎች ሰብስቦ ቀስ ብለው እንዲሮጡ አስተማረ። ሶምሶማ በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ቀስ ብሎ የሚለው ቃል ለእኛ ከተማ ሰው ድርብ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሩ ሳስ ይላል፤ በቆላ 6 ደቂቃ የሚፈጀው አንድ ኪሎ ሜትር እዚህ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ልኩን ለማወቅ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም። ሯጩ ከጎኑ ካለው ባልንጀራው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየተናገረ መሮጥ ከቻለ ልኩ ይህ ነው፤ በየቃሉ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ፍጥነቱ አልፏል። አብዛኛው ልምምድ በዚህ ልክ ከተሠራ፥ ሰውዬው ከሩጫው ወደ ሥራው ሲሄድ ሰው ሆኖ ይሄዳል፤ ከሥራው ወደ ቤቱ ሲመለስም ልጁን ለማቀፍ ክንድ ይተርፈዋል።

የፊደል ለቃሚው ብልሃት በእኛም ከተማ ይሠራል። ማታ በመገናኛ ወይም በፒያሳ ለታክሲ ተሰልፎ የሚያልፈው ጊዜ የማንም ያልሆነ ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቀላል ከረጢት አዝሎ ከሥራ ወደ ቤት መሮጥ የሚችል ሰው ሁለቱን አጫጭር ሩጫዎች ከማንም ሳይወስድ አገኘ ማለት ነው። እርግጥ የመኪናው ጭስ አለ፤ ክዳኑ የጠፋ የውሃ ጉድጓድም አለ። ስለዚህ ዋናውን መንገድ ትቶ የውስጥ ለውስጡን መንገድ በቀን ብርሃን አስቀድሞ አጥንቶ መያዝ ይገባል።

ረጅሙ የቅዳሜ ሩጫ ግን በዚህ አይፈታም። 30 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያም በኋላ ሯጩ ለግማሽ ቀን ያህል በወንበር ላይ ተደግፎ የሚውል ሰው ነው። ብዙ ቤት የሚበጠበጠው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ የምትቀየመው በሩጫው አይደለም፤ ቅዳሜዋ ሳትጠየቅ በመወሰዱ ነው። እንግዲህ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት 16ቱን ሳምንቶች በወረቀት ጽፎ፥ ሁለቱ ተቀምጠው፥ የትኛው ቅዳሜ የሩጫ፥ የትኛው የሠርግ፥ የትኛው ደግሞ የእርስዋ ብቻ እንደ ሆነ መቁረጥ ነው። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥባቸው ቀኖች ከአምስት ወይም ከስድስት እንዳይበልጡ ማድረግ ይቻላል። በሦስትና በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ሩጫውን ቀንሶ ማረፍ ለሰውነትም የሚያስፈልግ ስለሆነ፥ ያ ሳምንት ለቤቱ ይሰጥ። ውል ባለበት ቤት ወንበር ላይ የተደገፈውም ሰው ሻይ ይቀርብለታል።

ሯጭዋ ሚስት ስትሆን ሒሳቡ ይከብዳል። ቁርሱን፥ የልጆቹን ምሳ ዕቃና ደብተር የምታሰናዳው እርስዋ ከሆነች፥ የሚተርፋት በሌሊቱ 11 ሰዓት ያለው ጨለማ ብቻ ነው፤ በጨለማ ለብቻዋ መሮጥ ደግሞ ለሴት የሚመከር አይደለም። ሦስትና አራት ሆነው የሚሮጡ ሴቶችን ስናይ ደስ የሚለን ለዚህ ነው። ነገር ግን በቡድን መሮጡ ችግሩን በግማሽ ብቻ ያቃልለዋል፤ ሌላው ግማሽ ባልየው በሳምንት ሁለት ቀን ተነሥቶ ምጣዱን በመጣዱ ላይ የቆመ ነው። ከዚሁ ጋር፥ ያለ ምክንያት ድካም የሚበዛባት ሯጭ ደምዋን አስመርምራ የብረት ንጥረ ነገር እንዳላነሳት ብታረጋግጥ መልካም ነው።

ልቅሶ ቀን አይቆርጥም። ዕድርተኛ የሆነ ሰው በ16 ሳምንት ውስጥ አንድ ሁለት ሩጫ እንደሚያመልጠው አስቀድሞ ይወቅ። ያልተከፈለ ዕቁብ በሚቀጥለው ሳምንት እጥፍ ሆኖ ይከፈላል፤ ያልተሮጠ ሩጫ ግን እጥፍ ሆኖ አይከፈልም። ያመለጠው አምልጦት በሚቀጥለው ቀን ፕሮግራሙን ካለበት መቀጠል ነው እንጂ፥ የማክሰኞውን በረቡዕ ላይ ደርቦ የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓርብ ላይ ያነክሳል።

ስለ ጾም የሚጠይቁን አሉ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው የሥራ ቀን ሩጫው አጭርና ቀላል ሆኖ ከመብላቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻላል፤ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ የማይከለከል ስለሆነ፥ ረጅሙ ሩጫ በቅዳሜ መዋሉ ለዚህም ይስማማል። የረመዳንን ጾም የሚጾም ሯጭ ግን ውሃም ስለማይቀምስ፥ ከባዶቹ ሳምንቶች በዚያ ወር እንዳይውሉ ውድድሩን መርጦ ቢመዘገብ ደግ ነው። ምግቡን በሚመለከት ከውጭ አገር በሚመጣ ዱቄት ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም፤ በሶው፥ ቆሎው፥ ሽሮውና ምስሩ፥ እንጀራውም ጭምር ለሯጭ የተሠሩ ይመስላሉ። አንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶንን ለመጨረስ 2500 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ በጡንቻውና በጉበቱ የተከማቸው የስኳር ስንቅ ግን ከ2000 የሚያልፍ አይደለም። በ30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ጉልበት በድንገት የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ በየመንገዱ ጥቂት ጥቂት ጣፋጭ ነገር መቅመስ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች አለመንቀልቀል ነው። ውሃም ሲጠማ ይጠጣል፤ ከልክ በላይ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ሰው እስከ መጣል የሚያደርስ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንቶች ልምምዱ ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ የሚሮጥ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ለውድድሩ አይደርስም፤ ድካሙ ግን ይደርሳል። ስለዚህ ሰዓቱ በድንገት ይተርፋል፤ ሯጩም ሥራ እንደ ፈታ ሰው በቤቱ ውስጥ ይንቆራጠጣል። ለአራት ወር የተጠራቀመው የተሰበረ ወንበር፥ ያልተጠየቀ አጎት፥ ለልጅ የተገባ የሽርሽር ቃል ሁሉ የሚፈጸምበት ጊዜ ይህ ነው።

የውድድሩ ቀን እሑድ ከሆነ ደግሞ ለሰኞ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅን አይርሱ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሮጠ ሰው 4 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ላይ ይገባል፤ በማግሥቱ ደረጃ መውጣቱ ብዙም አይቸግረውም፤ የሚቸግረው መውረዱ ነው። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ የሆነ እንደ ሆነ አሳንሰሩ እንደሚሠራ ዓርብ ዕለት ያረጋግጥ።