የወንዙን ዳር ለወንዙ

ፊደል ቆጥራችሁ ዛሬ ይህን ገጽ በራሳችሁ ለማንበብ በቅታችኋል። የዛሬው ንግግራችን ስለ አዋሽ ወንዝ ዳር ነው። በወንዙ ዳር ምን ይሠራ? ምን አይሠራ?

አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው የቆቃ ግድብ በመንገዱ ያቆመዋል። ከግድቡ በታች የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። የአዳማ ከተማም የምትጠጣው ከዚሁ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን ውሃ ነው።

«ወንዙ ቢቆሽሽ ጉድጓድ ቆፍረን እንጠጣለን» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ ይህን እንየው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። ፍሎራይድ በዓይን አይታይም። ውሃውን ብታፈሉትም አይጠፋም። በልጅነቱ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ለብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይጎዳል፤ ጎንበስ ቀና ማለት ያቅተዋል። የወንጂ ሰው ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። እንግዲህ አዋሽ ከተበላሸ ወዴት እንሄዳለን?

የወንዝ ዳርቻ ክልል ማለት ከወንዙ አፋፍ ተለክቶ፣ ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት የሚጠበቅ መሬት ነው። ይህ መሬት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም። የሣሩና የዛፉ ሥር አፈሩን ይይዛል። ከእርሻ የሚወርደው ጭቃና ማዳበሪያ ወንዙ ሳይደርስ እዚያ ይቀራል። አፋፉ ድረስ ሲታረስ ግን አፈሩ ተጠርጎ ይሄዳል። ቆቃ ግድብ ውስጥ የተከማቸው ደለል የውሃውን ቦታ ወስዶበታል። ያ ደለል የአንድ ገበሬ ማሳ ነበር።

ወንዙ ሲሞላም የሚተኛበት ቦታ ይፈልጋል። ድሬዳዋን አስታውሱ። እዚያ ያለው የደቻቱ ወንዝ ዝናብ ከሌለ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ይገበያይበታል። ቤትም ወደ አፋፉ ተጠግቶ ተሠርቶ ነበር። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከደጋ የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደረሰ። ሰዉ ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

ሕጉ ምን ይላል? የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የወንዝ ዳርቻን ወሰን ለክቶ እንዲከልል ሥልጣን ይሰጠዋል። በተከለለው ቦታ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት ሊከለክል ይችላል።

ክልከላ ብቻውን ግን አይበቃም። ወንዝ ዳር የሚወርድ ሰው ጉዳይ ስላለው ነው የሚወርደው። እናት ልብስ ልታጥብ፣ እረኛው ከብት ሊያጠጣ፣ ወጣቱ ባጃጅ አጥቦ የዕለት እንጀራውን ሊያገኝ ነው። «እዚህ አትጠቡ» ካልን «እዚያ ታጠቡ» ማለት አለብን። አለበለዚያ ጠባቂው ሲሄድ ሰው ይመለሳል። ምን ያድርግ?

ስለዚህ ቦታ ቦታውን እናስይዝ። የሚጠጣ ውሃ ከላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ይቀዳ። ከብት ከዚያ በታች በአንድ መውረጃ ብቻ ይጠጣ፤ በየቦታው ከወረደ አፋፉን ይንደዋል። ልብስ ማጠቢያው ከወንዙ ራቅ ይበል፤ እድፉ መሬት ላይ ይፍሰስ። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር፣ ማለትም ወደ 40 እርምጃ፣ ከውሃ ይራቅ። የባጃጅ ማጠቢያና የመስኖ ፓምፕ ነዳጅም ከአፋፉ ይራቁ። ሶደሬን የመሰለ መዝናኛ የሚሠራም ሰው ዛፉን ይተው። የመታጠቢያውና የመጸዳጃው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያሳይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባጃጅ አጣቢውን አስነሥቶ የፋብሪካውን ቱቦ ዝም የሚል ደንብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ደንብ አይደለም። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ወደ ቆቃ ሲወርድ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም በሳሙና የሚለቅ እድፍ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ራሱ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ትልቅ ትንሽ ብሎ አይለይም።

እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ለቀበሌያችሁ ወይም ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጻፉ። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። «ወንዛችን ተበከለ» ብቻ አትበሉ። «ማክሰኞ ጧት ከድልድዩ በላይ ጥቁር ውሃ ሲለቀቅ አየን» ብላችሁ ቀኑንና ቦታውን አስፍሩ። ያዩት ሁሉ ይፈርሙበት። ሁለት አድርጋችሁ ጻፉና አንዱን ስጡ፤ በእናንተ እጅ በሚቀረው ላይ የተቀበላችሁ ሠራተኛ ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ።