ስለ ትምህርት ቤት ሐዘን፤ የሕፃናት ረዳት በሞተች ጊዜ

ሐዘን የማይገባበት ቤት የለም፤ ትምህርት ቤትም ቤት ነውና አይቀርለትም። የሕፃናት መምህር ወይም ረዳት በሞተ ጊዜ ታላላቆቹ ያለቅሳሉ፥ እድርተኛው ይሰበሰባል፥ ቀብሩም ይፈጸማል። ሕፃናቱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነገራቸው ይቀራሉ። ይልቁንም አንደበቱ ያልተፈታ ልጅ የሚያውቀውን ሰው በድንገት ያጣል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳውም አያገኝም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ታሪክ ነው። እኚህ ሴት በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው በኢጣሊያና በአሜሪካ ከኖሩ በኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ ትምህርት ቤቶች አልቀበልም ስላሉት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቋሙ፤ ይህም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ እርግማን ወይም መንፈስ አገኘው እያለ ከቤት ይሸሽገው ነበር። ኦቲዝም ግን የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ የእናትም የአባትም ጥፋት አይደለም። በሕፃንነት ይታያል፤ ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን ያስቸግራል። ወይዘሮ ዘሚም ለማይናገሩ ልጆች በፊደል ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ሐዘኑ ከቤተ ሰባቸው አልፎ ልጆቻቸውን ለረዱላቸው ወላጆች ሁሉ ደረሰ።

ድሬዳዋም ሐዘንን የምታውቅ ከተማ ናት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ነበሩ። በዚህች ከተማ በአንድ ክፍል ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፥ አማርኛ፥ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪው አብረው ይቀመጣሉ። እንግዲህ በከተማይቱና በዙሪያዋ ገጠር ያለ መምህር እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስበት የሚከተለውን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ፥ እውነቱ በግልጽ ቃል ይነገር። አማርኛ ሞትን ሲያለዝብ «አረፈች»፥ «ተለየችን» ይላል። ቃልን እንደ ተነገረ የሚይዝ ልጅ ግን ያረፈ ሰው ይነሣል ብሎ ይጠብቃል፤ መኝታንም ሊፈራ ይችላል። ስለዚህ «ሞተች፤ ሰውነቷ መሥራት አቆመ፤ ተመልሳ አትመጣም» ማለት ይሻላል፤ ይህም ልጁ በቤቱ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን።

ሁለተኛ፥ የቀኑ ሥርዓት አይፍረስ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በለመደው ሰዓትና ቦታ ይረጋጋል። ሰውዮይቱን ባጣበት ቀን ወንበሩም ሰዓቱም ቢለወጡበት ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል። ተተኪው ማን እንደ ሆነም አስቀድሞ ይታወቀው።

ሦስተኛ፥ ወደ ለቅሶ ቤት ሲወሰድ ይታሰብበት። ዋይታና ግርግር ጆሮውን የሚያሳምመው ልጅ ሰው በቀነሰበት ሰዓት ይምጣ እንጂ ፈጽሞ አይከልከል። እያንዳንዱም ቤት በሃይማኖቱ ሥርዓት ያዝናልና መምህሩ አንዱን ወደ ሌላው ሥርዓት አያስገድድ።

አራተኛ፥ ልጁ ባያለቅስ ልቡ ደንዳና ነው አይባል። የአንዳንዱ ሐዘን የሚታወቀው እንቅልፍ በማጣቱ፥ ምግብ እምቢ በማለቱ ወይም የለመደውን ቃል በመተዉ ነው። ይህ ሳይሻሻል ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

የአገር ሽማግሎችም ሥራ አላቸው። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ረዳቲቱ ከሞተች በኋላ የሚመጣው ነው፤ ተስፋ የቆረጠች እናት ልጅዋን ከትምህርት ቤት አስቀርታ እንደ ቀድሞው በቤት ትሸሽገዋለችና። ይህ ከሆነ ሟቿ በብዙ ዓመት የደከመችበት ሥራ በአንድ ወር ይጠፋል። ስለዚህ ሽማግሎች ለማጽናናት በሄዱ ጊዜ እናቲቱን «ልጅሽ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ይምጣ» ይበሏት፤ የሚያደርሰው ሰው ቢቸግራትም ከጎረቤት ይፈልጉላት። ልጁም በማግሥቱ ከወንበሩ ተቀምጦ ቢገኝ ለሟቿ ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ የለም።