ሂሌል፦ ያልመጣውን ተማሪ የሚፈልግ ቤት

ታልሙድ ስለ ሊቁ ሂሌል አንድ ታሪክ ይተርካል። ሂሌል በቀን ሥራ የሚያድር ድሃ ነበር፤ ከሚያገኛት ሳንቲም ግማሿን ለቤተሰቡ ቀለብ፣ ግማሿን ለትምህርት ቤቱ በረኛ ያደርጋት ነበር። አንድ የክረምት ዓርብ ግን ሥራ አጥቶ ባዶ እጁን መጣ፤ በረኛውም አላስገባ አለው። ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ ብርሃን ማስገቢያው መስኮት ላይ በደረቱ ተኝቶ የመምህራኑን ቃል ሲያዳምጥ በረዶ ሸፈነው። ሲነጋ ቤቱ መጨለሙ የገረማቸው ሁለቱ መምህራን ቀና ቢሉ መስኮቱ ላይ የሰው ቅርጽ አለ። ቀኑ ሰንበት ቢሆንም አውርደው አጠቡት፣ ቀቡት፣ እሳት ዳር አስቀመጡት።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለአይሁድ ተማሪዎች የሚሠራው ትልቁ ድርጅት ስሙን የወሰደው ከዚህ ሰው ነው። እኔን ግን ከስሙ ይልቅ የሚገርመኝ ጣሪያ ላይ የተኛው ተማሪ ነው፤ የዛሬዎቹ የሂሌል ሠራተኞች ደመወዝ የሚበሉት ቀና ብለው እሱን ለማየት ነውና። የዛሬው ልጅ የመግቢያ የሚጠይቀው የለም። እራቱም በአብዛኛው በነጻ ነው። ግን አይመጣም።

ድርጅቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዘመኑ ለአይሁድ ተማሪ የሚመች አልነበረም፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎዌል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ይጣል ብለው ነበር። ኢሊኖይ ላይ ጉዳዩን ካነሱት አንዱ ክርስቲያን ነበሩ። ፕሮፌሰር ቾንሲ ባልድዊን መጽሐፍ ቅዱስን ሲያስተምሩ፣ አይሁድ ተማሪዎቻቸው የገዛ መጽሐፋቸውን አለማወቃቸው ከነከናቸው። ቤንጃሚን ፍራንክል የተባሉ ወጣት ረቢ ሥራውን ያዙት፤ በዓመቱም ብናይ ብሪት የተባለው የአይሁድ ማኅበር ወጪውን ተሸከመ። ፍራንክል ብዙ አልቆዩም፤ በ1927 በወጣትነታቸው አረፉ። የተኳቸው የታሪክ መምህሩ ኤብራም ሳካር በ1933 የመላ አገሪቱን ሂሌሎች መምራት ጀመሩ፤ በ1948 ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከናዚ እጅ የተረፉ ወጣቶችም በሂሌል ስኮላርሺፕ አሜሪካ ገብተዋል። በኋላ የኮንግረስ አባል የሆኑት ሃንጋሪያዊው ቶም ላንቶስ በ1947 የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ለብዙ ዘመን ሂሌል ማለት ረቢው ማለት ነበር። ይጸልያል፣ ያስተምራል፣ ያማክራል፣ ገንዘብም ይለምናል። የሚመጡለት ሰንበት ማክበር ከቤታቸው የለመዱ ልጆች ናቸው፤ የቀረው ዝር አይልም። በ1988 ድርጅቱን የተረከቡት ሪቻርድ ጆል ረቢ ሳይሆኑ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። በሳቸው ዘመን ሂሌል ከብናይ ብሪት ተላቆ ራሱን ቻለ፤ በ1994ም ገና የተመረቁ ወጣቶችን ቀጥሮ ወደየግቢው መላክ ተጀመረ። እንዲያሰናዱ የተፈለገው ድግስ አልነበረም። ሰው እንዲተዋወቁ ነው።

ይህ ሥራ በእነሱ አነጋገር «ኢንጌጅመንት» ይባላል። በአማርኛ «ማሳተፍ» ብንለው ያንሳል፤ ለመሳተፍ መጀመሪያ መምጣት ያስፈልጋላ! «ማቅረብ» ይሻላል፣ «ሰው ታቀርባለች» እንደምንለው። የእንግሊዝኛው ቃል ቀለበት ማሰር ማለትም ነው፤ የአንዳንድ እናቶች ተስፋ በተለይ እዚያ ላይ ነው።

ዛሬ አንድ ሂሌል ብትገቡ ዋና ዳይሬክተሯን ቢሮዋ ላታገኟት ትችላላችሁ፤ ገንዘብ ፍለጋ ወጥታለች። አብዛኛው ሂሌል የዩኒቨርሲቲው ክፍል አይደለም፤ ደመወዙም የዓርብ እራቱም የሚሸፈነው ከቀድሞ ተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከከተማው የአይሁድ ፌዴሬሽን በሚሰበሰብ ልገሳ ነው። ረቢ ወይም መምህር አለ፤ ሞት፣ ፍቅርና የእምነት ጥያቄ ወደሱ ይሄዳል። የቤቱ እግር ግን ከምረቃ በኋላ ለሁለት ዓመት የሚቀጠሩት ወጣቶች ናቸው።

የእግሮቹን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ማክሰኞ ረፋድ ነው እንበል፣ ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያለ ካፌ። የ23 ዓመቷ ሠራተኛ ከአንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጋር ተቀምጣለች፤ ቡናውን የገዛችው እሷ ናት። ሃይማኖት አታነሳም። ከየት መጣህ፣ ዶርም የሚጋራህ ማን ነው፣ ኬሚስትሪው እንዴት ይዞሃል ትለዋለች። አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ካቶሊክ ናቸው፤ «እኔ እኮ ብዙም አልቆጠርም» ይላል። ሥራዋን የምታውቅ ከሆነች እዚህ ላይ አትከራከርም፣ በራሪ ወረቀትም አታወጣም። ቼሎ እንደሚጫወት ሲነግራት ግን ጆሮዋ ይቆማል፤ ሌላ ቼሎ ተጫዋች ታውቃለች። ታገናኛቸዋለች። ልጁ የሂሌልን ደጃፍ ሳይረግጥ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ይችላል፤ እሷ ግን ሥራዋን ሠርታለች።

ከሺህ ተማሪ ጋር ግን ብቻዋን ቡና አትጠጣም። ስለዚህ ጥቂት ክፍያ እየተሰጣቸው በየሰፈራቸው የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ ቤቱ የማይመጡ 60 ያህል ልጆችን እንዲቀርቡ የተነደፈ መርሐ ግብር ነው። ዘዴው የሚይዘው ተማሪው ራሱ ከሂሌል ውጭ ሕይወት ሲኖረው ነው፤ የቲያትር ቡድን ውስጥ ያለች፣ ቀዛፊ የሆነ። ዘወትር ሂሌል የሚውለውን ትጉህ ልጅ ለዚህ መቅጠር ኪሳራ ነው፤ የሚያውቀው ዘወትር ሂሌል የሚውሉትን ብቻ ነዋ።

ለጋሾች ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ። ሂሌል ለግቢዎቹ ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ከአይሁድ ተማሪዎች 70 በመቶውን በዓመት ቢያንስ አንዴ ማግኘት፣ 20 በመቶውን ደግሞ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ማግኘት ነው። ያለ መለኪያ መሥራት እንደማይቻል ይገባኛል። ሆኖም ያ ቡና መረጃ ቋት ውስጥ «አንድ ግንኙነት» ሆኖ ሲገባ፣ ልጁ ቢያየው ምን ይሰማው ይሆን? ከዚህ የባሰው ችግር ደግሞ የቅጥሩ ዘመን ነው። ልጁ ሦስተኛ ዓመት ሲገባ ሠራተኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ ሄዳለች። በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ አጠገብ የመጀመሪያውን የተማሪዎች ቤት የከፈተው ቻባድ የተባለው ሃይማኖተኛ የአይሁድ ንቅናቄ በዚህ ይበልጣል፤ እዚያ ረቢውና ባለቤቱ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ግቢው አጠገብ ይከርማሉ። በሌላ በኩል ቻባድ የአንድ ወገን ቤት ሲሆን ሂሌል የሁሉም ነው።

«የሁሉም» መሆን ምን ያህል እንደሚያለፋ ዓርብ ማታ ይታያል። በአንዱ ክፍል ሕጉን አጥብቀው የሚይዙት ኦርቶዶክስ አይሁዶች ወንዱን ለብቻ ሴቱን ለብቻ በመጋረጃ ለይተው ይጸልያሉ፤ በሌላው ሕጉን ላላ አድርገው የሚይዙት ሪፎርሞቹ ጊታር ይዘው ይዘምራሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ማዕድ ይቀርባል። ማዕዱ አንድ እንዲሆን ወጥ ቤቱ የሚሄደው በጥብቁ ሕግ ነው፤ ሕጉን የማይጠብቀው ጥብቁን ቢበላ የሚቀርበት ነገር የለምና። በዚህ የተነሳ ከውጭ የመጣ ምግብ ዝም ብሎ አይገባም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአንዳንድ ሂሌሎች የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ ከዮም ኪፑር (ከማስተሰረያ ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን ይታሰባል። እንጀራና ወጥ ይሁን ሲባል ታዲያ ወጥ ቤቱ ጥያቄ ያመጣል። ከከተማው የሐበሻ ምግብ ቤት ማዘዝ አይቻልም፤ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሕግ የተዘጋጀ፣ አይደለም። ዶሮ ወጡ እዚያው ይሠራ ቢባል ንጥር ቅቤው ይቀራል፤ በረቢዎች ሕግ ዶሮ ከወተት ተዋጽኦ ጋር አይገናኝም። ዶሮ በዘይት! ቀማሹ አበሻ ከሆነ ከንፈሩን መምጠጡ አይቀርም።

ከሠራተኞቹ መካከል በብዙ ግቢዎች አንድ እስራኤላዊ ወጣት ይኖራል፤ የሚልከው የአይሁድ ኤጀንሲ ነው፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ዓሊያ (ወደ እስራኤል መግባትን) ሲጠብቁ የኖሩ ወገኖች «ሶኽኑት» ብለው አሳምረው የሚያውቁት። ከባዱ ወንበር የእሱ ነው። ሂሌል በእስራኤል ጉዳይ አቋም ያለው ድርጅት ሲሆን በ2010 ያወጣው መመሪያ ከየትኞቹ ተናጋሪዎች ጋር እንደማይሠራ ይዘረዝራል። በስዋርትሞር ኮሌጅ ያሉ ተማሪዎች ይህን መመሪያ አንቀበልም አሉ፤ በ2015 ሂሌል የሚለውን ስም ትተው ቡድናቸውን ኬሂላ ብለው ሰየሙት። ሐማስ እስራኤልን ካጠቃበት ከጥቅምት 2023 ወዲህ ደግሞ የእስራኤል ጥያቄ ብሷል። ቤቱን መጠጊያ ያደረጉት ብዙ ናቸው፤ በአቋሙ ምክንያት የራቁትም አሉ። ደጃፍ ላይ የሚቆመው ጥበቃ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሲመጣ የሚያየው የመጀመሪያው ፊት ሆኗል። የቤቱ ባለቤት ተማሪው ነው ወይስ ለጋሹ የሚለው ክርክር በአንድ ስብሰባ የሚዘጋ አይመስለኝም።

ወደ ዓርብ ማታዋ እንመለስ። ሰንበት ገብቷልና በብዙ ሂሌሎች አዳራሽ ውስጥ ብዕር አይነሳም፣ ስልክ አይወጣም። ስም መዝገብ የለም። ሠራተኛዋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች የምትሰማውን ሁሉ በጭንቅላቷ ትይዛለች፤ የማን እህት ልትጎበኘው እንደመጣች፣ ማን ፈተና እንደወደቀ፣ ማን ሾርባውን ሳይጨርስ እንደተነሳ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ወጥቶ ሰንበት ሲያበቃ ማስታወሻዋን ትከፍታለች። የቼሎው ልጅ መጥቶ ነበር፣ ከጓደኛው ጋር። ዳና ታማለች፣ ሰኞ ይደወል። ከዚያ ብዕሯ ይቆማል፦ በሩ አጠገብ ኮቱን ሳያወልቅ ቆይቶ የወጣው ረጅሙ ልጅ፣ ስሙ ማን ነበር?