ግሸንና ወህኒ፤ ስለ ንጉሥ ፍርሃትና ስለ አምባ ጠባቂዎች ሥልጣን

ዛሬ በአማርኛ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የሚል ሰው፥ ብዙዎች እንደሚያምኑት፥ ሳያስበው የአንድ ተራራ ስም ይጠራል። ወህኒ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በበለሳ አገር የሚገኝ፥ ዙሪያውን ገደል የከበበው አምባ ነው። ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት ጀምሮ (1632–1667፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የነገሥታቱ ወንዶች ዘመዶች በዚያ ላይ ተግዘው ይኖሩ ነበር። ከወህኒ አስቀድሞ ይህንኑ አገልግሎት የሰጠው በአምባሰል ያለው አምባ ግሸን ነበር።

ስለ ሥልጣንና ስለ ፍርሃት በተነገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚታሰበው ገዥው በተገዢው ላይ የሚያሳድረው ፍርሃት ነው። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። የሁለቱ አምባዎች ታሪክ ግን የሚጀምረው ከገዥው ከራሱ ፍርሃት ነው። ንጉሡ ከወንድሙ ሥጋት ለመዳን አምባውን አሠራ፤ የአምባውን በር የያዙት ሰዎች ደግሞ ውሎ አድሮ ንጉሥ አንጋሾች ሆኑ።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ የግሸን እስራት የተጀመረው ከዐፄ ይኩኖ አምላክ በኋላ፥ የልጃቸው የዐፄ ይግባ ጽዮን ልጆች ከ1294 እስከ 1299 በየተራ በነገሡበት ጊዜ ነው። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሌሎቹን ሊያስር አስቦ ሳለ ምክሩ ተገለጠበትና ራሱ ታሰረ ይባላል። ነገሩ በዚህ አኳኋን ይፈጸም አይፈጸም፥ ታሪኩ የሚያስረዳው ችግር እውነተኛ ነው። ዙፋኑ የሰሎሞን ዘር ለሆነ ወንድ ሁሉ የተፈቀደ ሲሆን፥ ከመካከላቸው ማን እንደሚቀድም የሚወስን የጸና ሕግ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንድም፥ አጎትና የወንድም ልጅ ለነገሠው ሰው ሥጋት ነበረ።

የኦቶማን ቱርኮች ለዚህ ችግር ያገኙት መድኃኒት ከዚህ የከፋ ነበር። ሱልጣን ሜህመድ ሣልሳዊ በ1595 በነገሠ ጊዜ 19 ወንድሞቹን አስገደለ። ይህ ልማድ ቀርቶ መሳፍንቱን በቤተ መንግሥት ውስጥ መዝጋት የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ግን ዘሩን ማጥፋት የንግሥናውን ምንጭ ማድረቅ ይሆን ነበር። ስለዚህ ተቀናቃኙ እንዲኖር ነገር ግን እንዳይታይ ተደረገ። ሊቀጡት በፈለጉም ጊዜ ከአካሉ ይቆርጡ ነበር፤ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም የሚል ልማድ ነበረና።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ግሸን የጻፈው ቃል ከሁሉ የላቀ ምስክር ነው። እርሱና ባልንጀሮቹ መንገድ ስተው ወደ አምባው በቀረቡ ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ድንጋይ አወረዱባቸው። ከእስረኞቹ ደብዳቤ አወጣ የተባለ መነኩሴም ከጠባቂዎቹ ጋር እንደ ተገረፈ ይተርካል። ከዚህ የሚታየው የጥበቃው ሥራ እስከ መንደርተኛው ድረስ የወረደ መሆኑ ነው፤ ጠባቂውም በተራው ይጠበቃል። የሚያስገርመው፥ ይህ የጭንቅ ቦታ በእንግሊዛዊው በሳሙኤል ጆንሰን እጅ በ1759 የደስታ ሸለቆ ሆኖ በመጽሐፍ ወጣ።

በአምባው ላይ ያደገ ሰው ሲነግሥ ምን ዓይነት ገዥ ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468) ከሁሉ የበለጠ መልስ ይሰጣሉ። ከዐፄ ይስሐቅ ሞት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ነገሥታት ከተፈራረቁ በኋላ መኳንንቱ ከግሸን አውርደው አነገሧቸው። ታላቅ ሊቅና ታላቅ ንጉሥ እንደ ነበሩ የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የዜና መዋዕላቸው ጸሐፊ የሚተርከው የሥጋት ኑሮን ነው። በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት የመተተኞችን ክፋት ለመከላከል ካህናቱ ቀንና ሌሊት ጠበል ይረጩ ነበር። ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ጽሕፈት በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲያደርግ ታዘዘ። በየአገሩ ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን ሾሙ፤ ጥቂት ቆይቶም ደስክና ዲኖ የተባሉትን ጣዖታት አምልካችኋል ተብለው ከወንዶቹም ከሴቶቹም ልጆቻቸው ብዙዎቹ በግርፋት ተቀጡ። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ ታስባለች ተብላ ተደብድባ ሞተች።

እዚህ ላይ ፍርሃቱ ከአምባው ወርዶ ወደ እልፍኝ መግባቱን ልብ ይሏል። አምባው ወንድሞችን ይዘጋል፤ ልጆችንና ሚስቶችን ግን አይዘጋም። የተፈለገው ፍጹም ጸጥታ ከሆነ፥ ለመጠርጠር ዳርቻ የለውም። በአባታቸው እጅ ብዙ መከራ ያዩት ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ሲነግሡ እስረኞችን ፈቱ፤ ግሸንን ግን አልሻሩም። ግሸን የተሻረው በ1540 የኢማም አሕመድ ወታደሮች ወጥተው በላዩ ያሉትን በፈጁ ጊዜ ነው። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል የሚጎርፈው ምእመን የሚወጣው በዚሁ ገደል ነው።

የወህኒ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳያል። ታላቁ ኢያሱ በ1706 በገዛ ልጃቸው ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ፥ በ15 ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተከታተሉ። ከእነዚህም በኋላ የነገሡት ዐፄ በካፋ (1721–1730) በወህኒ ሳሉ ሊያመልጡ ሞክረው ከአፍንጫቸው ተቆርጠው ነበር፤ የጎደለ አይነግሥም የሚለው ልማድ ግን አላገዳቸውም። ከነገሡ በኋላ ሰው እንዳያውቃቸው ልብሳቸውን ለውጠው በአገር ይዞሩ እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ የአማካሪዎቻቸውን ቃል አያምኑም ማለት ነው።

ንጉሥ ሲሞት ሌላው ከአምባው ወርዶ እስኪደርስ ድረስ ሞቱ ይደበቃል። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ መንግሥቱ በእውነት የማን ነው? አምባውን የያዘ ሰው እስረኞቹን እንደ ልብስ እያማረጠ ያወጣቸዋል። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ፥ የዐፄ በካፋን ወንድም፥ ዕድሜያቸው ወደ 70 የደረሰውን ዐፄ ዮሐንስን ከወህኒ አስመጥተው አነገሡ። ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ሽማግሌው ከዚያ በፊት ሊያመልጡ ሲሞክሩ እጃቸውን ተቆርጠው ነበር። ወደ ጦርነት አልሄድም ባሉ ጊዜ በዚያው ዓመት በመርዝ ተገደሉ፤ ወደ 15 ዓመት ዕድሜ የነበረው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖትም ተተካ። ራስ ሚካኤል ከሰሎሞን ዘር አልነበሩምና ራሳቸው መንገሥ አልቻሉም፤ ነገር ግን የወህኒ በር በእጃቸው ሳለ መንገሥ አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ በኋላ በዘመነ መሳፍንት የአምባው ጥቅም እያነሰ ሄደ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1779 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ውስጥ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ተሽረዋል። በጎንደር ዙፋን ላይ የተቀመጠውን የሚፈራ ሰው ከጠፋ፥ ወንድሙን በገደል ላይ አስቀምጦ ቀለብ የሚሰጥና ዘበኛ የሚያቆምለትም አልተገኘም።