የሲጋራ ጢስ ስለ ጠጡ መጻሕፍትና መጫወቻዎች

ከወንድሞቻችን አንዱ በቅርቡ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት፥ ከመርካቶም ለታናሽ እኅቱ በፌስታል የተሞላ የፕላስቲክ መጫወቻ ገዝቶ ወደ መኝታ ክፍላችን ገባ። ዋጋው ረክሶለት ስለ ነበር ደስታው ወሰን አልነበረውም። ፌስታሉ ሲፈታ ግን ክፍሉ በሙሉ የመጠጥ ቤት ሽታ ሸተተ። ከስድስታችን አንድም አጫሽ የለም። አንዱ ዕጣን እናጢስበት አለ፤ ሌላው ሽቶ ረጨበት፤ ሦስተኛው ፀሐይ ይምታው ብሎ መስኮት ላይ አሰጣው። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ዕጣንም፥ ሽቶም፥ ሲጋራም ይሸት ጀመር። ያን ጊዜ ነገሩን ከሥሩ መመርመር እንደሚያስፈልግ ገባንና አንብበንና ሞክረን ያገኘነውን ለእናንተም ልናካፍል ይህን ጻፍን። አዲስ መጽሐፍ እየገዛ የሚማር በመካከላችን ጥቂት ነውና ነገሩ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይመስለንም።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፥ ሽታ ማለት ከነገሩ ተለይቶ የሚንሳፈፍ መንፈስ አለመሆኑ ነው። አንድ ነገር ሸተተን ማለት ከዚያ ነገር የተነሡ ሞለኪውሎች አፍንጫችን ውስጥ ገቡ ማለት ነው። የሲጋራ ጢስ ከ7000 የሚበልጡ ኬሚካሎች ያሉበት ድብልቅ ሲሆን ከእነዚህም ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁ ናቸው። ከፊሉ ጋዝ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ መጠኑ ከአንድ ማይክሮሜትር የሚያንስ፥ ታር የሚባለውን ቡናማና የሚያጣብቅ ነገር የተሸከመ ጠብታ ነው። መስኮት ሲከፈት አየሩ ይጠራል፤ ጠብታው ግን በግድግዳው፥ በመጋረጃው፥ በመጽሐፉ ጠርዝና በአሻንጉሊቱ ጉንጭ ላይ ዐርፎ ይቀራል። ኒኮቲንም እንዲሁ ይለጠፍና ለሳምንታትና ለወራት ቀስ በቀስ ወደ አየር ይመለሳል። እንግዲህ እኛ ዕጣን ያጤስን ዕለት ያደረግነው በጢስ ላይ ጢስ መጨመር ነበር፤ ዕጣንም ሲነድ የራሱን ቅሬት ይጥላልና። ሽቶውም ቢሆን አፍንጫን አታለለ እንጂ ከፕላስቲኩ ላይ ምንም አላነሣም።

ይህ የተለጠፈ ቅሬት የሽታ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ታግሠን በተቀመጥን ነበር። ነገር ግን አጫሹ የሚስበውን አንደኛ ጢስ፥ አጠገቡ የተቀመጠው የሚስበውን ሁለተኛ ጢስ ብንል፥ ከዕቃ ላይ የሚነሣውን ሦስተኛ ጢስ ልንለው እንችላለን፤ ሐኪሞችም የሚጠሩት በዚሁ በሚመስል ስም ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች፥ በዕቃ ላይ የተለጠፈ ኒኮቲን በቤት አየር ውስጥ ካለው ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ናይትሮሳሚን የተባሉ ውሑዶች እንደሚፈጠሩ አሳይተዋል። ከእነዚህም መካከል ካንሰር አምጪነታቸው የተረጋገጠ አሉ። ናይትረስ አሲዱ የሚመጣው ከጋዝ ምድጃና ከመኪና ጢስ ነው፤ ሁለቱም ከከተማችን የራቁ አይደሉም።

ትልቅ ሰው መጫወቻ አይልስም። ሕፃን ግን ወለል ላይ ይድሃል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ሰውነቱም ትንሽ ስለ ሆነ ጥቂቱ ይበዛበታል። አጫሽ ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች እጃቸው ሲጠረግ ኒኮቲን ተገኝቶበታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ መልካም አደረገ። ከአጫሽ ቤት በፌስታል ተቋጥሮ የሚመጣውን አሻንጉሊት ግን የሚያጥበው አዋጁ ሳይሆን ገዢው ነው። የወንድማችን እኅት ገና የሁለት ዓመት ልጅ ናት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፕላስቲክ የሚታጠብ፥ ወረቀት የማይታጠብ ነገር ስለ ሆነ የሁለቱም መንገድ የተለያየ ነው።

መጫወቻው ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪው ይውጣ፤ የሚፈታታም ከሆነ ይፈታታ፤ ጢሱ የሚሸሸገው በስንጥቁ ነውና። ታር የቅባት ዘመድ ስለ ሆነ በውሃ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ (ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲክን ያጣምማል) እና ፈሳሽ ሳሙና አዘጋጅቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸት ነው። ውሃው ደረቅ የሻይ ቅጠል የተነከረበት ሲመስል አትደንግጡ፤ ያ የምትሹት ነገር ነው። ከዚያ በደንብ ይለቅለቅ።

ቀጥሎ የሚመጣው አቼቶ ነው። ብዙ ሰው አቼቶን የሚመርጠው ሽታው ኃይለኛ ስለ ሆነ ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ኒኮቲን በኬሚስትሪ ቋንቋ ቤዝ ነው። ቤዝ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ጨው ይሆናል፤ የኒኮቲን ጨው ደግሞ ወደ አየር አይተንም፥ በውሃ ግን ደኅና አድርጎ ይሟሟል። በአቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ አሴቲክ አሲድ የከዳተኛውን ኒኮቲን ክንፍ ቆርጦ ለውሃ ያስረክበዋል ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ አቼቶ በአራት ብርጭቆ ውሃ በርዞ መጫወቻውን ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍና እንደገና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ተጨምቆ ያገለግላል፤ ስኳርነቱ እንዳያጣብቅ ግን ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። በረኪናና አቼቶ በአንድ ሳፋ አይገናኙ፤ ከሁለቱ መደባለቅ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መጫወቻው ሲያጮህ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ካለው ቀዳዳው አስቀድሞ ይደፈን፤ ውስጡ የቀረ ውሃ ሻጋታ ይሆናልና።

ፕላስቲክ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እንደ መገጣጠሚያ ጡብና እንደ መኪና ያለው ጠንካራው ፕላስቲክ ቅሬቱን በአብዛኛው በገጹ ላይ ስለሚይዝ በአንድ ወይም በሁለት እጥበት ይጠራል። ሲጨመቅ የሚለመጠው፥ አሻንጉሊት የሚሠራበት ለስላሳው ቪኒል ግን እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት መሰል ነገር ስላለ ጢሱን ወደ ውስጥ ይጠጣል። ታጥቦ ሲደርቅ ሽታ የለውም፤ በማግሥቱ ከውስጥ ወጥቶ እንደገና ይሸታል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሰው ተናድዶ አሴቶን ያመጣል፤ አሴቶን ግን ብዙውን ጠንካራ ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፥ ቀለሙንም ያነሣል። ሌላው ናፍታሊን የተባለውን ነጭ እንክብል ከመጫወቻው ጋር በሻንጣ ይዘጋበታል። ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። ናፍታሊን አንዳንድ ፕላስቲክ ያላላል፥ ሽታውም ከሲጋራው ይብሳል፤ ደግሞም ጂ-ስድስት-ፒ-ዲ የተባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ናፍታሊን ሲያገኛቸው ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርሳል። የፀሐይ ነገርም በልኩ ነው፤ ሙቀቱ ሽታውን ያስወጣል፥ ብዙ ቀን ከተሰጣ ግን ነጩ ፕላስቲክ ይበልዛል፥ ቪኒሉም ይጣበቃል። ጥላና ነፋስ ይሻላል።

ሽታው መጥፋቱን በራሳችን አፍንጫ መፍረድ አይገባንም፤ አፍንጫ ይለምዳልና። የደረቀውን መጫወቻ በንጹሕ ላስቲክ አስሮ አንድ ሰዓት ሙቀት ባለበት ማኖርና ከውጭ ለገባ ሌላ ሰው ፈትቶ ማሽተት ነው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ አሁንም የሚሸት ለስላሳ መጫወቻ ለሕፃን አይሰጥ፤ ይጣል። የገንዘቡ ነገር እኛንም ያንገበግበናል፤ ሆኖም ፍርዳችን ይህ ነው። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንጨምር፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ 200 ያህል ያገለገሉ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን መርምሮ፥ በተለይ በቢጫ፥ በቀይና በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ መርዘኛ ብረቶችን አግኝቷል። ያ ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ስለ ሆነ አቼቶም ሳሙናም አያወጣውም። እጅግ ያረጀ፥ ቀለሙ የሚላቀቅና የሚሰባበር መጫወቻ ቢሸትም ባይሸትም ልጅ አፍ አይግባ።

ወደ መዝገበ ቃላቱ እንመለስ። ወረቀት የተጠላለፈ ቃጫ ነው፤ በመካከሉ ለቍጥር የሚያታክት ክፍተት ስላለ ጢስ ይገባበታል። ለፕላስቲክ ያመሰገንነው አቼቶ እዚህ ጠላት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠራ ብዙ ወረቀት ቀለም እንዳያሰርግ በሙጫና በአለም ጨው ስለ ተቀባ ከውስጡ አሲድ አለበት፤ አሜሪካዊው ዊልያም ባሮው በ1950ዎቹ እንዳስረዳው መጻሕፍት የሚበልዙትና የሚፈረፈሩት ይልቁን በዚሁ አሲድ ነው። በዚያ ላይ አሲድ መጨመር ማለት ሽታውን አጥፍቶ መጽሐፉንም ማጥፋት ነው። ተራ ውሃም ቢሆን ገጹን ያጨማድዳል፥ በእጅ የተጻፈውንም ማስታወሻ ያፈሳል።

የሚያጽናናው ነገር፥ በመደርደሪያ ላይ የቆመ መጽሐፍ ተዘግቶ የሚኖር መሆኑ ነው። ጢሱ ብዙውን የሚያርፈው በሽፋኑና በሦስቱ ጠርዞች ላይ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ተዘጋ አጥብቆ ይዞ ጠርዞቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፥ ቀጥሎም በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ማሸት ነው። ላጲሱ ቡናማ ሲሆን ታዩታላችሁ። ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ የጨርቅ ሽፋን ከሆነ ውሃ አይንካው። የቀድሞ ሰዎች ወረቀት በለስላሳ ዳቦ ውስጥ ያጸዱ ነበር፤ ፍርፋሪው ግን ተባይና ሻጋታ ስለሚጠራ ዳቦውን ብትበሉት ይሻላል።

ከዚያ መጽሐፉን እንደ ማራገቢያ ገልጦ፥ በእግሩ አቁሞ፥ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ለጥቂት ቀን መተው ነው። ይህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት የሚሆን ነው። በክረምት የተገለጠ መጽሐፍ እርጥበት ስቦ ሻጋታ ያበቅላል፥ ከሁለት ክፉ ሽታ የሻጋታው ይብሳል።

የቀረውን የሚጨርሰው ከሰል ነው። ከሰል በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ የሚተንኑት ሞለኪውሎች ከወረቀቱ ተነሥተው ሲዞሩ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይያዛሉ። ለማጣሪያ ተብሎ በፋብሪካ የሚሠራው ከሰል የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ 1000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የምንሸምተው የማገዶ ከሰል ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ እኛ ግን ያለን እርሱ ነው፥ ብዛቱን በመጨመርና በመታገሥ ጉድለቱን ማካካስ ይቻላል። እሳት ያልተያያዘበትን ከሰል ሰባብሮ በፀሐይ ማድረቅ፥ ዱቄቱ እንዳያጠቍር በስስ ጨርቅ መቋጠር፥ ከካርቶን ወይም ክዳን ካለው ባልዲ ሥር ማስቀመጥ፥ መጽሐፉን ከሰሉን ሳይነካ በላዩ በሽቦ ወይም በእንጨት ላይ ገልጦ ማቆምና መክደን ነው። በሳምንቱ ከሰሉ ይለወጥ።

ቤኪንግ ሶዳስ ለምን ተረሳ የሚል አይጠፋም። ቤኪንግ ሶዳ ራሱ ቤዝነት ስላለው በጢሱ ውስጥ ያለውን አሲዳማ ሽታ ይይዛል፤ ቤዝ የሆነውን ኒኮቲን ግን ምንም አያደርገውም። በሣህን አድርጎ ከከሰሉ ጎን ማኖር ይጠቅማል፤ በገጾቹ መካከል መነስነስ ግን ቀርቶ የማይወጣ አሸዋ ማትረፍ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ስታርች የተጨመረበት ሌላ ነገር ስለ ሆነ አታምታቱ።

መዝገበ ቃላቱ በባልዲ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆየ። አሁን አፍንጫውን ጠርዙ ላይ ላልደፋ ሰው አይሸትም፤ ካነበብን በኋላ እጃችንን እንታጠባለን። መኪናዎቹና ጡቦቹ በሁለተኛው እጥበት ጠርተው ለሕፃኒቱ ተልከዋል። ትልቋ አሻንጉሊት አራት ጊዜ ታጥባ ስላልጠራች ወንድማችን እያዘነ ጣላት። ከሰሉን በተመለከተ፥ ከመካከላችን አንዱ ቡና ሊያፈላበት ሲያያይዘው ደረስንበት። ሲሞቅ የያዘውን ሁሉ መልሶ ለክፍሉ ይለቃልና ያገለገለው ከሰል ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድማ አዲሱም ቢሆን በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።