የድሮ ድራማ በስንት ጥራት ይታይ?

ዩቲዩብ ላይ የድሮ የኢቲቪ ድራማ ከፍተው የጥራት ምርጫውን ሲነኩ 144፣ 240፣ 360፣ 480 እያለ የሚወጣ፣ አንዳንዴም 1080 የሚደርስ ዝርዝር ይመጣል። ብዙ ሰው ዋይፋይ ካገኘ ትልቁን፣ ጥቅሉ ሊያልቅበት ሲል ደግሞ ትንሹን ይነካል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ድራማው በምን እንደተቀረጸ ነው።

ቁጥሩ ምስሉ ከላይ እስከ ታች ስንት ረድፍ ነጥብ እንዳለው ይናገራል። እኛ አገርም ሆነ በአብዛኛው አውሮፓ ይሠራበት የነበረው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 625 መስመር ሲኖረው፣ ምስል የሚይዙት 576ቱ ናቸው። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ ከ525ቱ 480 ገደማውን ያሳያል። በዚያ ዘመን በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ ድራማ ከዚህ የበለጠ ዝርዝር የለውም፤ ቪኤችኤስ ላይ ተገልብጦ የቆየ ከሆነማ ያንሳል። ይህንን ወደ 1080 መዘርጋት ወጥ ላይ ውሃ እየጨመሩ እንደማብዛት ነው፤ ድስቱ ይሞላል፣ ሥጋው ግን ያው ነው።

በፊልም የተቀረጸው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው ተከታታይ «አይ ላቭ ሉሲ» እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጀመር በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ይቀረጽ ነበር። ፊልም የመስመር ገደብ ስለሌለበት፣ ዛሬ በጥሩ ስካነር ሲነበብ ከ1080 የሚያልፍ ዝርዝር ይወጣዋል። ስለዚህ የ1951ዱ ሥራ ከሃያ ዓመት በኋላ በካሴት ከተቀረጸው ይልቅ ጠርቶ ሊታይ ይችላል። «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» በፊልም ቢቀረጽም የተቀናበረው በቪዲዮ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በብሉሬይ ሲወጣ ዋናውን ፊልም አውጥተው፣ እንደገና ስካን አድርገው፣ ክፍል በክፍል አዲስ ማቀናበር ነበረባቸው። ተከታዩ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ያ ዕድል ስላልገጠመው ዛሬም በድሮው ጥራት ይታያል።

እንግዲህ ከፊልም ታድሶ የወጣን ሥራ በ1080 ይዩት፤ ልፋቱ ይገባዋል። የካሴቱን በስልክ ለሚያይ 480 ይበቃዋል፤ ዳታም ይቆጥብለታል። ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው ስሌት መደበኛው ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት ሲወስድ፣ ኤችዲው እስከ 3 ይደርሳል።

ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ በዩቲዩብ ሲያዩ ግን 720 ካለ እሱን ይምረጡ፤ በካሴት የተቀረጸ ቢሆንም። ፓል በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል ይልካል፤ አንዴ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ አንዴ ሙሉ ቁጥሮቹን። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ከተጣበቁ፣ ተዋናዩ እጁን ሲያወራጭ ጠርዙ ላይ አግድም ጭረት ይደረደራል። በአግባቡ ከተለዩ ደግሞ በሴኮንድ 50 ሙሉ ምስል ይገኛል፤ ዩቲዩብ ይህን ፍጥነት የሚያሳየው ከ720 ጀምሮ ነው። ለከፍተኛው ጥራት የሚመድበው ዳታም ስለሚበልጥ፣ ጥላና ጭስ ያለበት ቦታ ላይ ምስሉ እንደ 480ው ቶሎ አይቆራረስም።

ከቁጥሩ እኩል የሚያሳስበኝ ቅርጹ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ምስል 4 በ3 ነበር። የአሜሪካው ተከታታይ «ሳይንፌልድ» እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲመጣ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ላይና ታቹ ተቆርጦ ነበር፤ ስለ አስፋልት ጉድጓድ በሚያወራው ክፍል ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ወጥቶ ቀረ። ቴሌቪዥንዎ ላይ ምስሉን የሚለጥጠውን ማስተካከያ ያጥፉት። ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ምንም አይጎዳም፤ የተለጠጠ ፊት ግን ተዋናዩን ሌላ ሰው ያደርገዋል።

በእጅዎ የድሮ ድራማ ወይም የቤተሰብ ካሴት ኖሮ ዩቲዩብ ላይ ሊጭኑ ካሰቡ፣ ገልባጩ መስመሮቹን ለይቶ በሴኮንድ 50 ምስል፣ በ720 ወይም በ1080፣ 4 በ3 ቅርጹን ጠብቆ እንዲሰጥዎ ይንገሩት። ካሴቱንም አይጣሉት፤ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው እንደገና ሊገለብጠው የሚችለው ከሱ ብቻ ነው።