ከ29 ዜሮ በኋላ የመጣው ፎሪንት

አያቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት ጠገራ ብር እጁ የገባ ሰው፣ በንግሥቲቱ ምስል ዙሪያ የተቀረጸውን የላቲን ጽሑፍ አስተውሎ ይመልከት። «ኤች» እና «ዩ» የተባሉትን ፊደላት ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። ሀንጋሪ ለማለት ነው፤ ማሪያ ቴሬዛ የሀንጋሪም ንግሥት ነበረችና። የሀንጋሪ ስም በዚህ መንገድ ወደ አገራችን ገበያ ገብቶ ሲዘዋወር ኖሯል። ሀንጋሪዎች ዛሬ የሚገበያዩበት ገንዘብ ግን ፎሪንት ይባላል።

ስሙ ከጣሊያኗ ፍሎረንስ የመጣ ነው። ንጉሥ ካሮይ ሮበርት የዚያችን ከተማ የወርቅ ሳንቲም አርአያ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1325 የራሱን ፎሪንት ማስቀረጽ ጀመረ። ወርቁ ከገዛ ግዛቱ የሚወጣ ነበር።

የዛሬው ፎሪንት የተወለደው ግን በጭንቅ ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡዳፔስት ድልድዮች ወንዝ ውስጥ ወድቀው ነበር፤ ፋብሪካዎች ወድመዋል፤ ለሶቪየት ኅብረት የሚከፈል የጦር ካሳም አለ። መንግሥት ወጪውን የሚሸፍነው ገንዘብ በማተም ነበር። የጊዜው ገንዘብ ፔንጎ ይባላል። በ1946 ሐምሌ ላይ ዋጋ በየ15 ሰዓቱ ገደማ እጥፍ ይሆን ጀመር። ጠዋት ደመወዙን የተቀበለ ሰው እስከ ማታ ካላጠፋው ግማሽ ያህሉን እንዳጣው ይቆጠር ነበር። ገበያ ላይ ከዋለው ኖት ሁሉ ትልቁ ከ1 ቀጥሎ 20 ዜሮ የሚከተለው ነው፤ ዜሮዎቹ ግን በሙሉ አልተጻፉበትም። ከዚያ ዘመን ከቀሩት ፎቶግራፎች አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም፦ የመንገድ ጠራጊ የወረቀት ገንዘብ እንደ ቅጠል ሲጠርግ ያሳያል። ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ሰው የለም።

ፎሪንት ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 1 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ፎሪንት የተለወጠው ከ4 ቀጥሎ 29 ዜሮ ባለው ፔንጎ ነበር። ይህን ያህል የተዋረደ ገንዘብ ስሙን ስለቀየረ ብቻ አይታመንም። ስለዚህ መንግሥት ያለገደብ ማተሙን አቆመ፤ ደመወዝና ዋጋም እንደ አዲስ ተተመነ። በጦርነቱ ወደ ኦስትሪያ ተወስዶ በአሜሪካ ጦር እጅ የወደቀው 30 ቶን ያህል የብሔራዊ ባንኩ ወርቅም በዚያው ወር ተመለሰ። ሕዝቡ አዲሱን ገንዘብ ተቀበለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ዛሬ ከጀርባው ያለው ወርቅ ሳይሆን ፋብሪካ ነው። አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ይዛ፣ ኤስተርጎም ላይ ሱዙኪ፣ ጂዮር ላይ አውዲ፣ ኬችኬሜት ላይ መርሰዲስ ትሠራለች። ምርቱ በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚሸጥ ነው፤ ዋናዋ ደንበኛ ጀርመን ናት። የጀርመን ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከውጭ የሚገባው ጋዝና ነዳጅ ሲወደድ፣ ፎሪንት ይደክማል። በዩክሬን ጦርነት የመጀመሪያ ዓመት አንድ ዩሮ ከ430 ፎሪንት በላይ ደርሶ ነበር፤ በጥር 2023 የዋጋ ንረቱ ከ25 በመቶ አለፈ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቤት ባለዕዳዎቹ ጉዳይ ነው። ከ2008 በፊት ብዙ ቤተሰቦች ወለዱ ዝቅተኛ ስለሆነ በስዊዝ ፍራንክ ተበደሩ፤ ደመወዛቸው ግን በፎሪንት ነበር። ፎሪንት ሲወድቅ የወር ክፍያቸው ጣሪያ ነካ። ዕዳው በሕግ ወደ ፎሪንት የተለወጠው ከብዙ ዓመት ስቃይ በኋላ ነው።

ሀንጋሪ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ዩሮን አልተቀበለችም፤ ሕገ መንግሥቷም የአገሪቱ ገንዘብ ፎሪንት ነው ብሎ በስም ደንግጓል። የ1 እና የ2 ፎሪንት ሳንቲሞች በ2008 ከገበያ ስለወጡ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይጠጋጋል፦ ድምሩ 998 ከመጣ ገዢው 1,000 ይከፍላል፤ 992 ከሆነ 990። በካርድ የሚከፍል ግን አንዷም ፎሪንት ሳትቀር ትቆረጥበታለች።